የአያቶቻችን ስም የት ተጽፏል?
(በትምህርት ቤታችን በዓል ላይ በተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



የትምህርት ቤታችንን ዕድሜ ስንቆጥር፣ የየቤታችንንስ ትውልድ መቁጠር እንችላለን ወይ? ስንል እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። አብዛኞቻችን ከአያት አላለፍንም፤ በእናት በኩልማ ከዚያም ሳንደርስ ቆምን። ይህም ስላሳፈረን በፊታችሁ ልንናገርበት ወደድን።

የጣና ደሴቶች ገዳማት ጥንታውያን ብራናዎችን ጠብቀው አቆይተውልናል። በወንጌል ኅዳግ ላይ ለደብር የተሰጠ መሬትና የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛል። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብም በእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር ተደፍተው እስከ ዛሬ ይታያሉ። ድንጋዩን የተሸከመው ሰው ስም ግን አልተጻፈም። የእኛም አያቶች ከዚያ ወገን ናቸው።

ታዲያ ስማቸው የት ኖረ? በሽማግሌ አፍ ነው። በጎጃም ርስት በወንድም በሴትም ይወረድ ስለ ነበር፣ ርስት ጠያቂ ሁሉ ትውልዱን እስከ ዋናው አባት መቁጠር ግድ ነበረበት። አሜሪካዊው አለን ሆበን እዚሁ ጎረቤታችን በደጋ ዳሞት ይህን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መጽሐፍ አሳትሟል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን፣ የርስት ክርክር ቀረ፤ ቆጠራውም ጠያቂ አጣ። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ብቻ ጥቂት ይታወሳል። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሕግ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ አያቶቻችንን በዚያ መዝገብ ፈልገን አናገኛቸውም።

ከመካከላችን አንዱ በቡሬ ገጠር ባለ አንድ ደብር ሄዶ የቅድመ አያቱን ስም ለአንድ አረጋዊ ቄስ ቢነግራቸው፣ «አላውቀውም» አሉት። አያቱ የክርስትና ስማቸውን ነግረውት ቢመለስ ግን፣ ቄሱ ፈገግ ብለው፣ «ተዝካሩን የበላሁለት ነው እንጂ!» ሲሉ የሚስቱንና የወንድሞቹን ስም ዘረዘሩለት። ቤተ ክርስቲያን ሙታንን የምታስበው በክርስትና ስማቸው ነውና፣ አንዱን ስም ብቻ የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ነው የያዘው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ዕረፍት አንድ አንድ ደብተር እንያዝ። የዓለም ስምንና የክርስትና ስምን አጣምረን፣ የተወለዱበትን አጥቢያ፣ የክርስትና አባትና እናታቸውንም እንጻፍ። ዓመቱ ለጠፋባቸው አዛውንት፣ «የመሬት ዐዋጁ ሲወጣ ልጅ ነበሩ ወይስ አግብተው ነበር?» ብለን እንጠይቅ። የእናትን ወገን ከአባት እኩል እንቁጠር፤ ርስቱ ሲወረድ እኩል ይቆጠር ነበርና።

እናንተም ወላጆቻችን፣ ስንጠይቃችሁ «ይኼ ምን ያደርግልሃል?» አትበሉን። የደሴቱ ብራና ጠባቂ አለው፤ የእናንተ ቃል ግን ከእኛ በቀር ጠባቂ የለውም።