ከሪፖርቱ ቁጥር ጀርባ ያለው ጥያቄ



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ነገር አውሪን» ሲሉኝ ስለ ወባ ሕክምና እንደምናገር ጠብቀው ነበር መሰለኝ። ወባ በንግግሬ ውስጥ አለች፤ የማወራው ግን ስለምትቆጠርበት መንገድ ነው።

እዚህ ሆሳዕና ሆነ ዱራሜ፣ ከጤና ጣቢያ የሚወጣው ወርኃዊ ቁጥር በወረዳና በዞን አልፎ ጤና ሚኒስቴር የሚደርሰው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባለው ሶፍትዌር ነው። ሥራውን የሚመራው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። በአገራችን ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በስፋት እንጠቀምበታለን። እኛ ስክሪኑ ላይ ወረዳ፣ ወርና ዕድሜ እንመርጣለን፤ ሶፍትዌሩ ምርጫችንን ኤስኪውኤል በሚባል ቋንቋ ወደ ጥያቄ ቀይሮ ለዳታቤዙ ያቀርባል። ሪፖርት የምንለው ቁጥር የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። የሕመም ታሪክ ስትወስዱ ጥያቄያችሁ ከተጣመመ መልሱ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከሻሾጎና ከሌሞ ወረዳዎች ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን የወባ ሕሙማን እንፈልጋለን እንበል። አንድ ባለሙያ ጥያቄውን በእጁ ቢቀጣጥል እንዲህ ይወጣዋል፦ ወረዳው ሻሾጎ የሆነ፣ ወይም ወረዳው ሌሞ የሆነ፣ እና ዕድሜው ከአምስት በታች የሆነ። ለእኛ ጆሮ ምንም ችግር የለውም። ዳታቤዙ ግን «እና»ን ከ«ወይም» አስቀድሞ ያያይዛል። ስለዚህ የዕድሜው ገደብ ሌሞ ላይ ብቻ ይውላል፤ ከሻሾጎ ሕፃኑም አዋቂውም ሽማግሌውም ይቆጠራል። ስሕተት ነው የሚል መልእክት አይመጣም፤ ሪፖርቱ ደህና መስሎ ይታተማል። ከዚያ በኋላ «የሻሾጎ ሕፃናት በወባ አለቁ» ተብሎ ለሕፃናት የሚሰጠው የኮአርተም ፓኬት ወደዚያ ይላካል፤ ሌላው ወረዳ እጥረት ይገጥመዋል። ኮአርተም በክብደት እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ፤ ፓኬቱ የተሳሳተ ቦታ ከሄደ ጉዳቱ የእኛ ታካሚ ላይ ነው።

ለዚህ መፍትሔው ቅንፍ ነው። ቅንፉን በየጊዜው አስታውሶ ማስገባት ግን ለሰው ልጅ መተው የለበትም። አጋዥ ፈንክሽን የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ተጽፋ፣ ተፈትሻ፣ ሌላው ኮድ ሁሉ የሚጠራት ትንሽ ኮድ ናት። ዲኤችአይኤስ 2 ውስጥ «ዌርኤንድ» የምትባል አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠራ «ዌር» የሚለውን ቃል ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ በተጠራች ቁጥር «ኤንድ» ትሰጣለች። ተጠቃሚው ወረዳ መምረጥ ቢተው እንኳ ዓረፍተ ነገሩ አይሰበርም። (ይህን የማያውቁ ፕሮግራመሮች «አንድ ከአንድ ጋር እኩል ሲሆን» የሚል ትርፍ ሁኔታ ከፊት አስቀምጠው ያልፋሉ። ይሠራል፤ ግን ያስቃል።)

ዌርኤንድ ግን ማያያዣ ናት እንጂ መከላከያ አይደለችም። ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

መከላከያው ለምን እንደሚያስፈልግ የከተማችን ስም ራሱ ያስረዳል። «ሆሳዕና» በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዳንዱ ለ«ዕ» ብሎ መሐሉ ላይ ነጠላ ጭረት ያስገባል። ከምባትኛም የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን የጉሮሮውን ድምፅ በዚችው ጭረት ያመለክታል። በኤስኪውኤል ደግሞ ጭረቷ ትርጉሟ «ጽሑፉ እዚህ አበቃ» ማለት ነው። ስሙ በቀጥታ ከተለጠፈ ዳታቤዙ የስሙን ግማሽ እንደ ስም፣ ቀሪውን እንደ ትእዛዝ ያነበዋል። በቅን ልብ የተጻፈ የከተማ ስም ሪፖርቱን ካቆመው፣ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው በዚያው ቀዳዳ ሠንጠረዥ ሊያጠፋ ወይም የታካሚ መረጃ ሊያወጣ ይችላል። እነሱ «ኢንጄክሽን» ይሉታል፤ የእኛን ቃል ወስደው።

ትክክለኛው መንገድ ጥያቄውን ባዶ ቦታ ይዞ፣ ስሙን ደግሞ ለብቻው መላክ ነው። የማዘዣ ወረቀታችንን አስቡት፤ የታካሚው ስም በስም ቦታ የተጻፈ እንደሆነ፣ ምንም ዓይነት ስም ቢሆን ፋርማሲስቱ መድኃኒት ነው ብሎ አያነበውም። የዓምድና የሠንጠረዥ ስም ግን በዚህ መንገድ አይላክም። ስለዚህ አጋዡ ፈንክሽን ከተፈቀዱት ዝርዝር ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። ዲኤችአይኤስ 2 ለእያንዳንዱ መረጃ በፊደል የሚጀምር፣ ፊደልና አኃዝ ብቻ ያለበት 11 ቁምፊ ኮድ መስጠቱ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ከዚያ ቅርጽ የወጣውን መመለስ ቀላል ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሀዲያና ከምባታ ከደቡብ ወጥተው ወደ አዲሱ ክልል ገቡ። የክልሉን ስም በየሪፖርቱ ውስጥ በእጅ የጻፈ ሰው ሁሉንም አንድ በአንድ ፈልጎ ማረም አለበት። በአንድ ፈንክሽን በኩል የሚያልፍ ግን አንድ ቦታ ያስተካክላል።

ለመምህራኖቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። የኮምፒዩተር ተማሪዎች ሪፖርት ሠርተው ሲያመጡላችሁ፣ ከማጽደቃችሁ በፊት ሆሳዕናን ከነጭረቷ አስገቡበት። ቀጥሎ ምንም ወረዳ ሳትመርጡ ሞክሩት። ከዚያ ሁለት ወረዳና አንድ የዕድሜ ገደብ ስጡትና፣ የወጣውን ቁጥር ከጤና ጣቢያው መዝገብ ጋር በእጅ የሚያስተያይ አንድ የሕክምና ተማሪ አጠገባቸው አስቀምጡ።