ፍርድ ቤቱ ከፖሊሱ ይቅደም



በ1957 ዓ.ም. ታላላቆቻችን «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም አይክደኝም። መሬቱ ግን የሕዝብ ሀብት ተባለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 «አይሸጥም፣ አይለወጥም» የሚለውን አጸና።

መሬት ቢሸጥ ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት ባዶ እጁን ይቀራል የምትሉኝን ጓደኞቼን ሥጋታችሁን አልንቅም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በ2011 እስኪተካ ድረስ የሠራውን አዋጅ ቁጥር 455/1997ን አንብቡት። ባለይዞታው አልለቅም ካለ አስተዳደሩ በፖሊስ ኃይል ማስለቀቅ ይችላል። በካሳው ላይ አቤት ማለቱም ማስለቀቁን አያዘገይም። ልቀቅ ብሎ የሚያዘው ወረዳ፣ ገማቹን ኮሚቴ የሚሰይመው ወረዳ፣ ፖሊስ የሚጠራውም ያው ወረዳ! ታዲያ ሰውየው አቤት የሚለው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው እንዴ?

ባለቤቱ መንግሥትም ይሁን ግለሰብ፣ ፖሊስ ደጃፍ ከመቆሙ በፊት ዳኛ ይየው ነው የምለው። «እንደዚያ ከሆነ መንገድ አይሠራም» ትሉኛላችሁ፤ ይዘግያ! ስድስት ወር የዘገየ መንገድ መንገድነቱ አይቀርም።