ፍርዱ ከመዝገብ ካልተሰረዘ
(ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለመጡ ወጣቶች የቀረበ ንግግር)



ከነፋስ መውጫም ከወገዳም የመጣችሁ ደጋግማችሁ ትጠይቁናላችሁ፦ «በሰላማዊ ትግሉ ታስሮ የተፈታ ሰው ውጭ አገር ያስገቡታል ወይ?» ነገሩ ያለው በመፈታቱ ሳይሆን በአፈታቱ ላይ ነው።

የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባሎቻችን ሐምሌ 2004 ታሰሩ። ሐምሌ 2007 በፀረ ሽብር አዋጁ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። የመጨረሻዎቹ የካቲት 2010 ከእስር ወጡ፤ አልሐምዱሊላህ! ግን ከወህኒ መውጣት ሌላ፣ ከመዝገብ መውጣት ሌላ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይቅርታንና ምሕረትን ለይቷቸዋል። በአንቀጽ 229 ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ይቀንሳል፤ ፍርዱ ግን መዝገብ ላይ ይቆያል። በአንቀጽ 230 ምሕረት ፍርዱን እንዳልነበረ ያደርገዋል፤ ከመዝገብም ያሰርዘዋል። ያላጠፋ ሰው «የይቅርታ ወረቀት ፈርም» ሲባል የሚመረው ለክብሩ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በ2010 ክረምት የወጣው የምሕረት አዋጅ የሽብር ክስንም ይጨምር ነበር፤ በዚያ የተጠቀመ ማስረጃውን እንደ ዐይኑ ብሌን ይጠብቅ።

አሜሪካን እንይ። ዲቪ የደረሰውም፣ ቤተሰብ የጠራውም የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። የእነሱ ሕግ የሌላ አገር ይቅርታ ፍርዱን ሰርዞታል ብሎ አይቀበልም። ንጹሕ የፖለቲካ ጥፋትን ከወንጀል ክልከላው ቢያወጣም፣ «ሽብር» የሚል ቃል ከታየ ጉዳዩ ወደ ሌላ፣ ወደ ጠበቀ አንቀጽ ይዞራል። ይህ ስም እንዴት እንደሚከተል ለማየት በ1954 እኛው አገር፣ ኮልፌ የሠለጠኑትን ማንዴላን አስቡ። አገራቸውን መርተው ከወረዱም በኋላ፣ ድርጅታቸው በአሜሪካ ከሽብር ጋር ተያይዞ ስለቆየ፣ ለመግባት ልዩ ፈቃድ ያሻቸው ነበር። የተስተካከለው በ2000 ዓ.ም. ነው።

ደላላው «አልታሰርኩም በል» ይላችኋል። አትስሙት! የቪዛው ቅጽ የሚጠይቀው «ይቅርታ ወይም ምሕረት ቢደረግልህም እንኳ ተይዘህ ወይም ተፈርዶብህ ታውቃለህ?» ብሎ ነው። የታሰረበት ምክንያት ላያስከለክለው የሚችል ሰው በውሸቱ ዕድሜ ልኩን ሊታገድ ይችላል። (የሳዑዲውን መንገድ የምታስቡም፣ ተይዞ የተባረረ ሰው አሻራው እዚያው እንደሚቀር አትርሱ፤ ስም መቀየር አያድንም።)

ስለዚህ የተፈረደባችሁ ሁሉ ማኅተም ያለበትን የውሳኔ ግልባጭ ከፈረደባችሁ ፍርድ ቤት አውጡ። ቆንስሉ የክሱን ስም ብቻ ካየ በስሙ ይፈርዳል፤ ግልባጩ ግን «አደረገ» የተባለው ነገር መስጊድ ውስጥ መናገር ወይም ወረቀት መበተን መሆኑን ያሳየዋል። ክሱ ተቋርጦ የተፈታም የተቋረጠበትን ትእዛዝ ይያዝ።