ሃምሳ ጨዋታ ሲያልፍ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የስፖርት ኮሚቴ ስም የተደረገ ንግግር)



የንግግራችንን አርእስት ለጓደኞቻችን በነገርናቸው ጊዜ አንዳንዶቹ ሳቁብን። «በዚህ ታላቅ የበዓል ቀን ስለ አሜሪካኖች የዱላና የኳስ ጨዋታ ልታወሩ ነው ወይ?» አሉን። ሳቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በግቢያችን ቤዝቦል የሚጫወት የለም። ነገር ግን ከመካከላችን የአንዱ አጎት በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ ይነዳሉ። በዚያች ከተማና በአካባቢዋ ወገኖቻችን እጅግ ብዙ መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኝህ አጎት በስልክ በተነጋገሩ ቁጥር የከተማቸውን ቡድን ዋሽንግተን ናሽናልስን ሳያነሡ ስልኩን አይዘጉም። እኛም ወሬውን መጀመሪያ የሰማነው ከእርሳቸው ነው፤ ኋላ ግን መዝገቡን ራሳችን እየፈለግን አነበብን። ለምን እንዲህ እንደ ደከምንበት ወደ መጨረሻው እንናገራለን።

ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ይኸውም የውድድር ዘመን ገና በተጀመረበት ጊዜ ስለ አንድ ተጫዋች ወይም ስለ አንድ ቡድን ምን ያህል ለመፍረድ ይቻላል የሚል ነው። በንግግራችን ውስጥ ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።

ስለ ጨዋታው ለማያውቁ ጥቂት እንበል። ወርዋሪው ኳሱን ይወረውራል፤ የተቃራኒው ቡድን መቺ በዱላ ይመታል። መትቶ አራቱን ቤዝ ዞሮ የገባ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ አሻግሮ የመታ እንደ ሆነ ሆም ራን ይባላል። አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ይጫወታል። የቀረው ደንብ ብዙ ነው፤ ለዛሬ ይበቃናል።

እንግዲህ በ2019 የጸደይ ወራት የናሽናልስ ነገር እንዴት እንደ ነበረ እንመልከት። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በከተማው እጅግ የተወደደው መቺ ብራይስ ሃርፐር ቡድኑን ትቶ ወደ ፊላደልፊያ ሄዶ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ በገዛ ሜዳቸው 2 ለ 0 ተሸነፉ። በኤፕሪል 2 ፈጣኑ ትሬ ተርነር ኳሱን በዱላው ቀስ አድርጎ ሊነካ ሲል ኳሱ እጁን መትቶት የቀኝ ሌባ ጣቱ ተሰበረ። ያው ቀን ደግሞ ሃርፐር በአዲሱ ቡድኑ ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋሽንግተን የተመለሰበት ቀን ነበር። አጎታችን ያን ምሽት ተሳፋሪዎቹ ሁሉ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ዝም ብለው እንደ ነበሩ ይናገራሉ።

ከሁሉ የከፋው ግን የተተኪ ወርዋሪዎቹ ነገር ነው። እነዚህ ጨዋታው ወደ መጨረሻው ሲደርስ የደከመውን ወርዋሪ የሚተኩ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ትሬቨር ሮዘንታል ነበር። ቀድሞ በሴንት ሉዊስ ቡድን ዝናው የታወቀ፣ ክንዱን ታሞ በቀዶ ጥገና ታክሞ የተመለሰ ሰው ነው። ይህ ሰው በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች ወደ ሜዳ ገብቶ አንድ መቺ እንኳ ሳያስወጣ ተመለሰ። የወርዋሪ ችሎታ የሚለካው የሰጠውን ነጥብ ባስወጣቸው መቺዎች ብዛት በማካፈል ስለ ሆነ፣ የእርሱን ለማስላት በዜሮ ማካፈል አስፈለገ። በሒሳብ ክፍል በዜሮ ማካፈል አይቻልም ተብለን የተማርን ሁላችን የዚህን ሰው ጭንቀት እንረዳለን።

በሜይ 2 የወርዋሪዎቹ አስተማሪ ተሰናበተ። በዚያው ወር ኒውዮርክ ሄደው ከሜትስ ጋር ባደረጉት አራት ጨዋታ አራቱንም ተሸነፉ። ሜይ 23 ሲመሽ ቡድኑ 50 ጨዋታ ተጫውቶ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። አያሌ ሰዎች አሠልጣኙ ሚስተር ዴቭ ማርቲኔዝ እንዲሰናበቱ ጮኹ። የቡድኑ ኀላፊ ሚስተር ማይክ ሪዞ ግን አላሰናበቷቸውም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። በዚያ ሌሊት ሚስተር ሪዞን ብንሆን ምን እናደርግ ነበር? እኛ እውነቱን ለመናገር አሠልጣኙን እናሰናብት ነበር። 50 ጨዋታ ትንሽ አይመስልም፤ ከጠቅላላው ወደ ሲሶው ይጠጋል። ስለዚህ ቁጥር ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል ለማየት አንድ ቀላል ነገር እናስብ።

በቤዝቦል ከ10 ጊዜ 3 ጊዜ በሚገባ የሚመታ ሰው ጎበዝ መቺ ይባላል። በአንድ ከረጢት ውስጥ 3 ቀይና 7 ነጭ ቦሎቄ እንክተት። ሳናይ አንድ እናውጣ፤ ቀለሙን ጽፈን እንመልሰው፤ ይህንንም 50 ጊዜ እናድርግ። ቀዩ 15 ጊዜ እንዲወጣ ይጠበቃል። ነገር ግን 11 ጊዜ ወይም 19 ጊዜ ቢወጣ የሚያስገርም አይደለም፤ የፈለገ በቤቱ ይሞክረው። 11 የወጣለት መቺ «ይህ ሰው አርጅቷል» ይባላል፤ 19 የወጣለት በጋዜጣ ፎቶግራፉ ይወጣል። ከረጢቱ ግን ያው ከረጢት ነው። 500 ጊዜ ያወጣን እንደ ሆነ ግን 150 ሲጠበቅ 140 ወይም 160 ሊወጣ ይችላል እንጂ 110 ብቻ ቢወጣ ከረጢቱን ከፍቶ ቦሎቄውን መቁጠር ያስፈልጋል። መቺ በጸደዩ መጀመሪያ የሚያገኘው ዕድል 50 ያህል ነው፤ 500 የሚያህለው ዓመቱ ሲያልቅ ነው።

በ2006 በዲትሮይት ቡድን ክሪስ ሼልተን የሚባል መቺ በመጀመሪያዎቹ 13 ጨዋታዎች 9 ሆም ራን መታ። ሕዝቡ ሁሉ ታላቅ ሰው ተወለደልን አለ። በዓመቱ መጨረሻ ግን የሆም ራኑ ቁጥር 16 ብቻ ነበር፤ ኦገስት ሳይገባም ወደ ታችኛው ሊግ ወርዶ ነበር። የታምፓ ቤይ ቡድንም በ2023 የመጀመሪያዎቹን 13 ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈ። ዓመቱን ሙሉ 99 ጊዜ ቢያሸንፍም፣ የፍጻሜው ውድድር በተጀመረ በሁለት ጨዋታ በቴክሳስ ተሸንፎ ወጣ። ዋንጫውንም የወሰደው ይኸው ቴክሳስ ነው። አባቶቻችን ቀድሞ የወጣን ጆሮ በኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው የሚሉት ይህን የመሰለውን ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ሲባል ግን የመጀመሪያው ወር ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በዚህ ነገር ከመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ የተከራከሩንም ጓደኞቻችን ያመጡት ማስረጃ ጥሩ ነው። የዲትሮይት ቡድን በ1984 ከመጀመሪያዎቹ 40 ጨዋታዎች 35ቱን አሸነፈ፤ መጨረሻውም ሻምፒዮን ሆነ። የባልቲሞር ቡድን ደግሞ በ1988 የመጀመሪያዎቹን 21 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ፤ በዓመቱ መጨረሻ 54 አሸንፎ 107 ተሸንፎ ነበር። ይህ ቡድን በእውነት ደካማ ነበር። ሆኖም የባልቲሞር ሰዎች ያደረጉትን እንመልከት። ገና 6 ጨዋታ እንደ ተሸነፉ አሠልጣኛቸውን አሰናብተው ታላቁን የቀድሞ ተጫዋች ፍራንክ ሮቢንሰንን ሾሙ። አዲሱ አሠልጣኝ የተከታዮቹን 15 ጨዋታዎች በተራ ተሸነፉ። ደካማው ነገር ተጫዋቾቹ ዘንድ ሳለ የተቀጣው ሌላ ሰው ነበር።

ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩ በስተኋላ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። በዋሽንግተን ከ19 እና ከ31 በስተኋላ ምን ነበረ? አንደኛ፣ ተርነር ከስድስት ሳምንት በላይ አልተጫወተም። አንቶኒ ሬንዶን ክርኑን በኳስ ተመትቶ፣ የ20 ዓመቱ ሁዋን ሶቶ ጀርባውን አሞት፣ አንጋፋው ራያን ዚመርማን ደግሞ እግሩን ታሞ፣ በሜይ መጀመሪያ ከተርነር ጋር አራቱም በአንድ ጊዜ ከሜዳ ውጭ የሆኑባቸው ቀኖች ነበሩ። የተሸነፈው ቡድንና በወረቀት የተጻፈው ቡድን አንድ አልነበሩም። ሁለተኛ፣ ጨዋታውን የሚጀምሩት ሦስቱ ታላላቅ ወርዋሪዎች፣ ማክስ ሸርዘር፣ ስቲቨን ስትራስበርግና ፓትሪክ ኮርቢን፣ ጤነኞች ነበሩ። ሦስቱም በዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዳቸው ከ230 በላይ መቺዎች ኳሱን ስተው እንዲወጡ አድርገዋል። ወርዋሪ ጥሩ ሠርቶም ጓደኞቹ ነጥብ ካላገቡለት ይሸነፋል፤ ያን ጊዜ በመዝገቡ የሚጻፈው ሽንፈቱ እንጂ ጥሩ መሥራቱ አይደለም።

የተተኪ ወርዋሪዎቹ ደካማነት ግን የእውነት ነበር። ይህ እንደ ቦሎቄው የዕድል ነገር አልነበረም፤ ዓመቱን ሙሉ አልዳነም። ኀላፊዎቹም ይህን ስላወቁ ሮዘንታልን በጁን አሰናበቱ፤ በጁላይ መጨረሻ ዳንኤል ሃድሰንን ከቶሮንቶ አመጡ። በፍጻሜውም ውድድር ጨዋታ ጀማሪዎቹን ወርዋሪዎች እየጠሩ በተተኪዎቹ ቦታ አሠሯቸው። ብልሃት የምንለው ይህንን ነው። የታመመውን ክፍል ለይተው አከሙ፤ ጤነኛውን አልቆረጡም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ እንናገር፤ የሚያውቀው ብዙ ነውና። ቡድኑ ከቀሩት 112 ጨዋታዎች 74ቱን አሸነፈ። ሬንዶን 126 ነጥብ አስገባ፤ ሶቶም 110። በኦክቶበር ሚልዋኪን፣ ሎስ አንጀለስን፣ ሴንት ሉዊስን አሸንፎ ከሂዩስተን ጋር ለዎርልድ ሲሪስ ተጋጠመ። በዚያ ሰባት ጨዋታ ውስጥ አንድም ቡድን በገዛ ሜዳው አላሸነፈም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። በኦክቶበር 30 በሰባተኛው ጨዋታ ዋሽንግተን 6 ለ 2 አሸነፈ። የመጨረሻዋን ኳስ የወረወረው ያ በጁላይ የመጣው ሃድሰን ነበር። ለከተማይቱ ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው ዋንጫ ነው። አጎታችን ያን ሌሊት እስኪነጋ ታክሲያቸውን ሲነዱ ከማንም ገንዘብ አልተቀበልሁም ይላሉ፤ ሚስታቸው ግን ይህን አያምኑም።

የሮዘንታልንስ መጨረሻ ታውቃላችሁን? በተከታዩ ዓመት በ2020 በካንሳስ ሲቲና በሳንዲያጎ ቡድኖች ተጫወተ። በዜሮ ሲካፈል የነበረው ሰው በዚያ አጭር የውድድር ዘመን ከጥሩዎቹ ተተኪ ወርዋሪዎች አንዱ ሆነ። እንግዲህ ዋሽንግተኖች እርሱን ማሰናበታቸው ስሕተት ነበር ወይስ አልነበረም? በዚህ ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ቡድኑ ያን ጊዜ ሊጠብቀው አይችልም ነበር የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ እርሱ ሌላ ቡድን ስላገኘ እውነተኛ ችሎታው ሊታይ ቻለ። ሌላ ቡድን ያላገኘ ሰውስ?

ይህን ጥያቄ የምናነሣው ስለ ራሳችን ነው። አምና የእግር ኳስ ቡድናችን በትምህርት ቤቶች ውድድር ሦስት ጨዋታ እንዳደረገ እኛ የኮሚቴው አባሎች ተሰብስበን በረኛችንን አስወጣን። በሦስት ጨዋታ 7 ጎል ገብቶበት ነበር። ከሰባቱ ሁለቱ የፍጹም ቅጣት ምት እንደ ነበሩ፣ አንዱንም የገዛ ተከላካያችን እንዳገባው፣ ሁለተኛውም ጨዋታ በጭቃ ላይ እንደ ተደረገ አልቆጠርንም። ሰባት አልን፤ ጨረስን። ልጁም ከዚያ ወዲያ ልምምድ አልመጣም። ተሳስተን እንደ ሆነ እንኳ ለማወቅ አንችልም፤ የምናውቅበትን መንገድ ራሳችን ዘግተነዋልና። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ተቀምጧል። ስሙን አንጠራም፤ እርሱ ግን ስለ ማን እንደምንናገር ያውቃል።

ዘንድሮም ሦስት ጨዋታ አድርገን ሁለቱን ተሸንፈናል። በአዲሱ በረኛ ላይ 6 ጎል ገብቷል። በኮሚቴው የሐሳብ ሣጥን ውስጥ እርሱ እንዲቀየር የሚጠይቁ ብዙ ወረቀቶች አግኝተናል፤ አንዳንዶቹ የተጻፉበት ቋንቋ በዚህ ቦታ የሚነበብ አይደለም። በዚህ ጊዜ ግን ደብተር ይዘናል። እያንዳንዱ ጎል እንዴት እንደ ገባ፣ ከየት እንደ ተመታ፣ ተከላካዮቹ የት እንደ ቆሙ ተጽፏል። ከስድስቱ አራቱ የገቡት በግራ ክንፋችን በኩል ነው። ስለዚህም ከሰኞ ጀምሮ ልምምዱ በግራ በኩል ባሉት ተከላካዮች ላይ ሆኗል፤ ከእነርሱ አንዱ ይህን ንግግር ከጻፍነው መካከል ስለ ሆነ ቅር አይለውም።

የአምናውንም በረኛ ተመልሶ ልምምድ እንዲመጣ ባለፈው ሳምንት ጠይቀነዋል። አስብበታለሁ አለን፤ መልሱን ገና አልሰጠንም።

አራተኛው ጨዋታ ቅዳሜ በ9 ሰዓት በሜዳችን ይደረጋል። በረኛው ያው ነው።