“አልችልም” ከማለታችን በፊት
ስለ ሶምሶማ ሩጫና ስለ ጤናችን በሬዲዮ የቀረበ ንግግር

በሬዲዮ ያቀረብነውን ይህን ንግግር ላልሰማችሁትም ሆነ ደግማችሁ ማንበብ ለምትፈልጉ በወረቀት አትመነዋል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አስተላልፉት። ማንበብ ለማይችሉም አንብቡላቸው።

የደም ግፊት ላለበት፣ እንቅልፍ እምቢ ላለው ወይም ቀኑን ሙሉ በሐሳብ ተውጦ ለሚውል ሰው “ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ” የሚል ምክር ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ “እኔ አልችልም” የሚል ነው። እናት “አምስት ልጅ ወልጄ ምን ሩጫ አለ?” ትላለች። አባት “ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል፤ ጉልበቴም አልቋል” ይላል። ወጣቱ ደግሞ “ስደተኛ ሮጦ የት ይደርሳል?” ብሎ ይጠይቃል። ለመሆኑ ይህ “አልችልም” ከየት መጣ? ሁሉስ እውነት ነውን?

በቅድሚያ አንድ ነገር እናስተውል። በካምፕ ኑሮ ውስጥ በእኛ ፈቃድ የማይለወጥ ብዙ ነገር አለ። የራሽኑን መጠን፣ የወረቀታችንን ጉዳይ፣ የምንሄድበትን ቀን የምንወስነው እኛ አይደለንም። ሩጫም ይህን አይፈታውም። ነገር ግን ሰው ብዙ ዓመት “አይቻልም” ሲባል ከቆየ፣ ማንም ያልከለከለውን ነገር ጭምር ለራሱ መከልከል ይጀምራል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህኛው “አልችልም” ነው።

ሰው አይችልም የተባለው ብዙ ነገር ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። የሴቶችን ሩጫ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ሮጠው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን “የሴት ሰውነት ይህን ያህል አይችልም” ተብሎ ውድድሩ ተሰረዘ። ለ32 ዓመታት፣ ማለትም እስከ 1960 ድረስ፣ በኦሊምፒክ ከ200 ሜትር በላይ የሚሮጥ የሴቶች ውድድር አልነበረም። የሴቶች ማራቶን የተጀመረውም በ1984 ነው። ከዚያ 12 ዓመት ብቻ ቆይቶ በ1996 በአትላንታ ፋጡማ ሮባ 42 ኪሎ ሜትሩን አንደኛ ሆና ጨረሰች። ደራርቱ ቱሉም በ1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትር ካሸነፈች በኋላ ወልዳ፣ እናት ሆና፣ በ2000 በሲድኒ በዚያው ርቀት እንደገና ወርቅ አገኘች። እንግዲህ አይችልም የተባለው የሴት ሰውነት ይህ ነበር።

ስለ ስደተኛስ ምን እንላለን? እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥር ስደተኞች ያሉበት ቡድን ተወዳደረ። ከአሥሩ አምስቱ በኬንያ ካኩማ ካምፕ የኖሩ የደቡብ ሱዳን ተወላጆች ነበሩ። ከእነርሱ አንዷ ሮዝ ናቲኬ ሎኮንየን በካምፑ ውስጥ በተዘጋጀ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ላይ ምንም ልምምድ ሳታደርግ ገብታ ሁለተኛ ወጣች። መሮጥ እንደምትችል ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። በሪዮም የቡድኑን ባንዲራ ይዛ ገባች። በዚያው ቡድን ውስጥ በሉክሰምበርግ በስደት ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊው ዮናስ ክንዴ በ36 ዓመቱ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ 90ኛ ሆኖ ጨረሰ።

እነዚህን የጠቀስነው ሁላችሁም ኦሊምፒክ ትገባላችሁ ለማለት አይደለም። ሮዝም ሆነች ዮናስ ሜዳልያ አላገኙም። የምንለው ይህን ነው፦ ሰው የሚችለውን ልክ ሳይሞክረው አያውቀውም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰውነት እንመለስ። መሮጥ ስንጀምር ጡንቻዎቻችን ወዲያውኑ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ልብና ሳንባ ግን ፍጥነታቸውን ጨምረው ፍላጎቱ ላይ ለመድረስ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይወስድባቸዋል። በእነዚያ ደቂቃዎች ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ይከብዳል። ብዙ ሰው “አልቻልኩም” ብሎ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ሥራ መጀመሩን እንጂ አቅም ማለቁን አያመለክትም። መፍትሔው ጥርስን ነክሶ መፍጠን ሳይሆን ፍጥነትን መቀነስ ነው። ትክክለኛውን ፍጥነት ለማወቅ ሰዓትም ሆነ መሣሪያ አያስፈልግም። እየሮጣችሁ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር መነጋገር ከቻላችሁ ፍጥነቱ ልክ ነው። መናገር ካቃታችሁ ቀንሱ ወይም በእግር ሂዱ።

ለሳምንታት ከዘለቃችሁበት ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል፤ በጡንቻ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ይበዛሉ። በመሆኑም በመጀመሪያው ሳምንት ያደከመን መንገድ በአምስተኛው ሳምንት ይቀላል። አጥንትና ጅማት ግን ከልብና ከሳንባ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። ስለዚህ ትንፋሻችሁ ቢፈቅድም ርቀቱን በአንድ ጊዜ አታብዙ። “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የተባለው ለዚህም ይሠራል።

እንዴት እንጀምር?

1. በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ይሁን።

2. ሁልጊዜ አምስት ደቂቃ በእግር በመሄድ ሰውነትን አሟሙቁ። ስትጨርሱም እንዲሁ አምስት ደቂቃ በዝግታ ሂዱ።

3. በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ ይህን ስድስት ጊዜ ደጋግሙ። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ አምስት ጊዜ። በአራተኛው ሳምንት ሦስት ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ አምስት ጊዜ። የከበደው ሰው ያንኑ ሳምንት ይድገመው።

4. ሰዓት የሌለው ሰው በምልክት ይመራ። ለምሳሌ ከቦኖው እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ሶምሶማ፣ ከዚያ እስከ ቀጣዩ ብሎክ እርምጃ።

5. ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ወይም ከመምሸቱ በፊት ሩጡ፤ በጨለማ ግን አትውጡ። ከመውጣታችሁ በፊትና ከተመለሳችሁ በኋላ ውኃ ጠጡ።

6. እግርን የሚይዝ ሸራ ጫማ ካለ መልካም ነው። በነጠላ ጫማ መሮጥ እግር ይጠመዝዛል። ጫማ የሌለው ሰው ፈጠን ባለ እርምጃ ይጀምር።

7. ብቻችሁን አትውጡ። በተለይ እናቶችና ልጃገረዶች ሦስትም አራትም ሆናችሁ ሰው በሚበዛበት መንገድ ሂዱ። ቀሚስም ሆነ ሂጃብ አያግድም፤ ሰፋ ብሎ የማያደናቅፍ ይሁን እንጂ። ጓደኛ ሲኖር ደግሞ “ዛሬስ ይቅርብኝ” ማለት ይቀንሳል።

እውነተኛው “አልችልም” የቱ ነው?

ሊሰማ የሚገባው “አልችልም” አለ። ትኩሳት ያለበት፣ ከወባ ገና ያላገገመ፣ ክብደቱ እየቀነሰ ያለ ወይም ለምግብ እጥረት ሕክምና የሚከታተል ሰው አይሩጥ። ራሽን በቀነሰበት ወር ሰውነት የሚያቃጥለው ትርፍ ምግብ ስለሌለው ሩጫውን ትታችሁ ቀለል ያለ እርምጃ ብቻ አድርጉ። እርጉዝ የሆናችሁ፣ የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ አስም ወይም ሳንባ ነቀርሳ ያለባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ውኃ በጀሪካን ስትቀዱ፣ እንጨት ስትለቅሙ የምትውሉ እህቶች ደግሞ ሰውነታችሁ አስቀድሞ እየሠራ ስለሆነ፣ ለእናንተ ከሩጫ በፊት ዕረፍት ሊያስፈልግ ይችላል።

በሩጫ ላይ ደረት ከጨመቃችሁ፣ ራሳችሁን ካዞራችሁ ወይም አቁማችሁም ትንፋሻችሁ ካልተመለሰ፣ እንዲሁም መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ ወዲያውኑ አቁሙ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ሂዱ። ይህ ስንፍና አይደለም። የድካም ስሜት ስትቀንሱ ይቀላል፤ የአደጋ ምልክት ግን ስትቀንሱም አይለቅም። ልዩነቱን በዚህ ለዩ።

መሮጥ ለማይችሉ፣ በዕድሜ ለገፉና የአካል ጉዳት ላለባቸውም መንገዱ አልተዘጋም። ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅን ደጋግሞ ማንሳትና ማውረድ ልብን ያሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴን ይመክራል። ይህም በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ከዚያ ያነሰውም ምንም ካለማድረግ ይሻላል።

እንቅስቃሴ እንቅልፍን ያሻሽላል፣ የደም ግፊትን ይቀንሳል፣ ጭንቀትንም ያቀላል። ሆኖም ያየነውና ያሳለፍነው ነገር ሌሊት የሚያባንነን፣ ሕይወትን የሚያስጠላን ከሆነ ሩጫ ብቻውን አይበቃም። የምክር አገልግሎት ወደሚሰጥበት ሂዱ፤ ለምታምኑት ሰውም ንገሩ።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ እንሰጣችኋለን። ዛሬ ማታ ለብዙ ጊዜ “አልችልም” ስትሉት የቆያችሁትን አንድ ነገር አስቡ። ከዚያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን የነገረኝ ሐኪም ነው? ሰውነቴ ነው? ወይስ ሳልሞክረው ለራሴ የነገርኩት ነው? የመጨረሻው ከሆነ አራት ሳምንት ስጡት። ከአራት ሳምንት በኋላም “አልችልም” ብትሉ ሞክራችሁ ያወቃችሁት ይሆናል። ብዙዎቻችሁ ግን ሌላ መልስ ይዛችሁ እንደምትመለሱ እናምናለን።

ጥያቄ ያላችሁ በየብሎካችሁ ያሉትን የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች አነጋግሩ።