ሸክሙን የምታውቅ ልጅ ምክሯም ይሰማ
(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

 ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን ምድርን የመጠበቅ አደራ ነው። በተለይም በዚህ አደራ ውስጥ ወጣት ሴት ልጆቻችን ሊኖራቸው ስለሚገባው ቦታ እንነጋገራለን። ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ ከጎረቤታችን እንጀምራለን።

ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ ድንበሩን የተሻገረ ሰው ወዲያው ገላባትን ያገኛል። ከገላባት ወዲያ ገዳሪፍ፣ ከዚያም ካርቱም አለ። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያጠናች፣ ቀጥላም በታዳሽ ኃይል የማስተርስ ትምህርት የተከታተለች ኒስሪን ኤልሳይም የምትባል ሱዳናዊት ወጣት አለች። ኒስሪን በአገሯ ወጣቶችን በአየር ንብረት ጉዳይ ካሰባሰቡት አንዷ ናት። የአፍሪካ አገሮች በዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ድርድር በሚቀርቡበት ቡድን ውስጥም ጀማሪ ተደራዳሪ ሆና ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ በአየር ንብረት ለውጥ ላይ የሚያማክሯቸው ሰባት ወጣቶች መረጡ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 28 ዓመት ነበር። የዚህ አማካሪ ቡድን ሰብሳቢ የሆነችው ኒስሪን ናት።

በዚያው ዓመት ክረምት ሱዳንን ከባድ ጎርፍ መታት። ቤቶች ፈረሱ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መንግሥትም የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። ስለዚህ ይህች ወጣት በስብሰባ ላይ ስለ አየር ንብረት የምትናገረው ከመጽሐፍ ያነበበችውን ብቻ አልነበረም፤ የአገሯ ሰው ደጃፍ ድረስ የመጣውን ነገር ነበር።

ውድ አድማጮች፣ ይህ ጉዳይ እኛን የሚነካን በጉርብትና ብቻ አይደለም። ከእኛ ደጋ ተነስቶ በቆላው የሚያልፈው የጓንግ ወንዝ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ከዓባይም ጋር ይገናኛል። በቋራ ያለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል፤ አራዊቱ ድንበር አያውቁም። እኛ ጫካችንን ስንመነጥር ታጥቦ የሚሄደው አፈር ወደ እነርሱ ይወርዳል። ከበረሃው የሚነሳው አቧራና ሙቀትም ለሁለታችን የጋራ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቡና ሲፈላ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ መውሊድ ሲሆን የምናጨሰው እጣን ከየት ይመጣል? ከመተማና ከአካባቢው ቆላ ጫካዎች ከሚገኝ ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ይቆማል፤ ሠራተኛው ግንዱን በትንሽ መጥረቢያ እያቆሰለ የሚፈሰውን ሙጫ ይሰበስባል። ዛፉ ግን ዕረፍት ይፈልጋል። ያለ ዕረፍት የቆሰለ ዛፍ ይዳከማል፣ ነቀዝም ይገባበታል። ከሥሩ የሚበቅለውን ችግኝ ደግሞ ከብቱ ይግጠዋል፣ የበጋው ሰደድ እሳት ይበላዋል፤ ከእሳት የተረፈውንም ለሰሊጥና ለማሽላ እርሻ እንመነጥረዋለን። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ የተመራማሪዎች ጥናት በብዙ የእጣን ጫካዎች ለአሥርተ ዓመታት ወጣት ዛፍ እንዳልተተካ አሳይቷል። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም የእጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት፣ ሕፃን የማይወለድበት መንደር ምን ይሆናል? የእጣን ጫካችንም እንዲሁ ነው።

ሰሊጥ አትዝሩ አንልም። ሰሊጥ የአገሩ ኑሮ ነው፤ በየዓመቱ ከደጋው ለሚወርደው ሳሉግም እንጀራው ነው። ነገር ግን ያ ሳሉግ በቀትር ፀሐይ አጭዶ ሲደክም የሚጠለልበት አንድ ዛፍ በእርሻው መካከል ካጣ፣ ባለእርሻው ምን ዓይነት ትርፍ አተረፈ?

ደን ሲርቅ፣ ምንጭ ሲደርቅ መንገዱ የሚረዝመው በማን እግር ላይ ነው? በሴት ልጃችን እግር ላይ ነው። ትናንት ከጓሮ ይለቀም የነበረው እንጨት ዛሬ የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል። መጀመሪያ ልጅቷ ትምህርት ቤት አርፍዳ ትደርሳለች፤ ቀጥሎ በሳምንት ሁለት ቀን ትቀራለች፤ በመጨረሻ ደብተሯ ይሰቀላል፣ ስለ ጋብቻዋም መወራት ይጀምራል። ደኑ ሲጠፋ የልጅቷ ትምህርት አብሮ እንደሚጠፋ ልብ ያልን ስንቶቻችን ነን?

ሸክሙን የሚያውቀው ተሸካሚው ነው። የትኛው ምንጭ ቀድሞ እንደሚደርቅ፣ የትኛው እንጨት እንደጠፋ፣ በየት በኩል እሳት እንደሚነሳ ከአባቷ ይልቅ እርሷ ታውቃለች። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄን ስትመሠርት መነሻዋ የገጠር ሴቶች እሮሮ ነበር፤ ማገዶ ራቀን፣ ንጹሕ ውኃ አጣን ይሉ ነበር። እነዚያኑ ሴቶች ችግኝ አፍይ፣ ተካይና ተንከባካቢ አደረገቻቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን በማግኘት ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች።

አንዳንድ አባቶች ሴት ልጅ እንዴት ትመራለች ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ለዚህ መልስ የሁደይቢያን ዕለት እናስታውስ። ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ሰሓቦች በኀዘን ተውጠው መሥዋዕታቸውን ከማረድ በዘገዩ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ባለቤታቸው ወደ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ገብተው ነገሩን አወሯት። እርሷም ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው የራሳቸውን እንዲያርዱ መከረቻቸው። እርሳቸውም ምክሯን ተቀብለው አደረጉት፤ ሰዉም ሁሉ ተከተላቸው። የአላህ መልእክተኛ የሴትን ምክር ከሰሙ፣ የመንደር ኮሚቴ የማይሰማበት ምክንያት ምንድን ነው? የሃሩን ረሺድ ባለቤት ዙበይዳም በበኩሏ ለመካ ሐጃጆች ውኃ በማስመጣቷ ስሟ እስከ ዛሬ በመልካም ይነሳል።

ስለ ተክልም ቢሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩንን ሁላችን እናውቃለን፤ ሙስሊም ከተከለው ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሶደቃ ይሆንለታል። በዚህ ምንዳ ውስጥ ወንድና ሴት የሚል ልዩነት አልተደረገም።

ሱዳናውያን ነፊር የሚሉት ልማድ አላቸው፤ የእኛው ደቦ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ካርቱምን ጎርፍ ሲመታት ወንድና ሴት ወጣቶች በዚሁ ስም ተሰባስበው ለተጎዱት ደረሱ። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከተነሳ በኋላም ወጣቶች በየሰፈሩ የጋራ ማእድ ቤት አቋቁመው የተራበውን አበሉ። ከዚሁ ጦርነት የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ እኛ ገብተዋል፤ ለእነርሱም በኩመርና በአውላላ መጠለያ ተከፍቶ ነበር። እንግዳውም ባለአገሩም የሚያበስለው በእንጨት ነው። ደን የመጠበቅና የተሰደደን ሰው የመርዳት ሥራ በእኛ አካባቢ አንድ ሥራ ሆኗል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከአቅማችን በላይ የሆነ ነገር አንጠይቅም። መንገዱ በሚያሰጋበት በዚህ ዘመን ልጃገረድን ወደ ሩቅ ጫካ ላኩ አንልም። ከመስጊዱ ግቢ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥርና ከጓሮ እንጀምር።

አንደኛ፣ ውኃና እንጨት የሴት ልጅ ሥራ ብቻ መሆኑ ይቅር። ወንድ ልጅ ትከሻ አለው፣ አህያም አለ። እርሷ በሰዓቷ ትምህርት ቤት ትግባ። ኒስሪን ፊዚክስ የተማረችው ለመማር ጊዜ ስላገኘች ነው።

ሁለተኛ፣ የውዱእ ውኃ በከንቱ አይፍሰስ። ትንሽ ቦይ ተቀዶለት ወደ ችግኝ መደብ ይሂድ። ኒም ለጥላ፣ ሎሚና ማንጎ ለምግብ ይሆናሉ። የእጣን ዛፍም ከቅርንጫፍ ተቆርጦ ሊተከል ይችላል፤ ከከብትና ከእሳት ከተጠበቀ ይጸድቃል።

ሦስተኛ፣ በየመስጊዱ የወጣቶች ጀመዓ የችግኝ ኮሚቴ ሲያቋቁም ሴት ልጆች በቁጥር ማሟያነት አይግቡ። የመዝገቡ ደብተርና የመሣሪያ ቤቱ ቁልፍ በእጃቸው ይሁን፤ ምን እንደሚተከልና የት እንደሚተከል ሲወሰን ድምፃቸው ይሰማ። በደብተሩም ላይ የተተከለው ብቻ አይጻፍ። በክረምት ተክሎ ፎቶ መነሳት ለምዶብናል። በቀጣዩ ሰኔ ስንቱ ጸደቀ የሚለውን ቆጥራ፣ የደረቀው ለምን እንደደረቀ ለጀመዓው የምትናገር ልጅ ታስፈልገናለች። ስትናገርም ሽማግሌዎቻችን ጸጥ ብለው ያድምጧት።

አባቶች ሆይ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሩ። ልጃችሁን አስቀምጣችሁ እንጨቱ ስንት ሰዓት እንደሚወስድባት ጠይቋት። መልሷን ሰምታችሁ ዝም አትበሉ።

አላህ ሱብሐነሁ ወተዓላ ለአገራችንና ለጎረቤታችን ሱዳን ሰላምን ያውርድልን። ዝናባችንን የበረከት ያድርግልን፣ ልጆቻችንን ለምድሪቱ ባለአደራዎች ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።