ድንኳን ሳይተከል እንድረስ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዕድር ሥራ ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል፣ ወንበርና ድስት ማውጣት፣ ኀዘንተኛ ማጽናናት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ድንኳን ሳይተከል ልንደርስበት ስለሚገባን ነገር ነው፤ ይኸውም በፍቅርና በትዳር ስም ስለሚፈጸም በደል ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ሌላ ሰፈር ስኖር፣ ባልና ሚስት አስታርቁ ተብለን ሦስት ሽማግሎች ሄድን። ልጅቷ ፊቷ አብጦ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች፤ ባልዋም ከጎኗ ነው። "ልጄ፣ ምን አደረገሽ?" አልናት። ቀና ብላ እሱን አየችውና "ምንም፤ እኔ ነኝ ያናደድኩት" አለች። እኛም "ትዳር እንዲህ ነው፣ ቻይው" ብለን፣ እሱን ይቅርታ አስጠይቀን፣ ቡና ጠጥተን፣ መርቀን ወጣን። እርቅ አወረድን ብለን ደስ አለን እኮ! ወር ሳይሞላ ክንዷ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ገባች። ልጠይቃት ብሄድ "አባባ፣ ያን ቀን ለብቻዬ ብትጠይቁኝ ኖሮ እነግራችሁ ነበር" አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ኋላ እንዳጫወተችኝ ነገሩ የተጀመረው በዱላ አልነበረም። ገና እጮኛሞች ሳሉ "የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ?" ይላት ነበር። ቀጥሎ ከጓደኞቿ፣ ከዚያም ከእናቷ አራቃት። ደሞዟን እየተቀበለ የታክሲ ብቻ ይቆርጥላት ጀመር። በሰው ፊት ያዋርዳታል፤ ማታ አልቅሶ እግሯ ላይ ይወድቃል፤ ስጦታ ይገዛል፤ ሳምንት ሳይቆይ ይደግማል። ዘመድ ጎረቤቱ ግን "ስለሚወዳት እኮ ነው የሚቀናው" ይል ነበር። ዛሬ ደግሞ ስልክ መበርበርና የይለፍ ቃል መቀበል ተጨምሮበታል።

ታዲያ ፍቅርን ከበደል በምን እንለየው? መቼም የማይጣላ ባልና ሚስት የለም። መለያው ፍርሃት ነው። "እምቢ" ብላ በሰላም ማደር ትችላለች ወይ? ይህን ጥያቄ ሴት ልጆቻችንን እናስተምራቸው፤ ወንዶቹንም "እምቢ ስትባል ምን ታደርጋለህ?" ብለን እንጠይቃቸው። በደሉ የሚደርስበት ወንድም ቢኖር እንዲሁ ሊሰማ ይገባዋል።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነና ትዳር ከያዙ ሴቶች መካከል ከ100 ውስጥ 34ቱ በባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ደግሞ ከ100 ውስጥ 66ቱ ለማንም አልተናገሩም፤ እርዳታም አልጠየቁም።

"በባልና በሚስት መካከል አይገባም" የምንለውንም ሕጉ አይቀበለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት ቤታቸውን የሚመሩት በእኩልነት ነው ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን፣ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትንም ጭምር፣ ማጥቃት ወንጀል መሆኑን ደንግጓል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ሽምግልና ስንጠራ ሁለቱን ለየብቻ እንጠይቅ። የሚፈራ ሰው በሚፈራው ፊት እውነቱን አይናገርም። ፍርሃት ካለ ለእርቅ አንቸኩል።

ሁለተኛ፣ የነገረችንን ለሰው አናውራ፤ "ምን አድርገሽው ነው?" ብለንም አንመልሳት። ነገር ግን ዝም ብሎ "ጥለሽው ውጪ" ማለትም አደጋ አለው፤ በጣም የሚያሰጋው የምትለይበት ጊዜ ነውና። መጀመሪያ የምታርፍበት ይዘጋጅ። መታወቂያዋንና የልጆቿን የልደት ወረቀት የምታምነው ጎረቤት ያስቀምጥላት። አንገቷን አንቋት የሚያውቅ ከሆነ ለሕይወቷ ያሰጋልና ፈጥነን ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ እናድርሳት።

ሦስተኛ፣ ተገዳ ከተደፈረች ሳትታጠብ ቶሎ ሐኪም ቤት ትሂድ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ማስረጃውም የሚገኘው ያኔ ነው።

አራተኛው የራሳችን የቤት ሥራ ነው። መዝገባችንን ተመልከቱ፤ አብዛኛው ቤት የተመዘገበው በባል ስም ነው። ከባሏ የተለየች ሴት ከዕድሩም ትወጣለች ማለት ነው። ያቺ ልጅ ለምን እንደቆየች ስጠይቃት አንዱ ምክንያቷ "ብሞት ማን ይቀብረኛል?" የሚል ነበር። ወገኖቼ፣ ለማጽናናት ያቋቋምነው ዕድር ሰውን በዱላ ሥር የሚያስቀምጥ ገመድ ሊሆን አይገባም። ስለዚህ ባልና ሚስት ሁለቱም በየስማቸው እንዲመዘገቡ፣ የተለየችውም እንደ አዲስ መግቢያ ሳትከፍል አባልነቷ እንዲቀጥል ደንባችን ይሻሻል ስል ሐሳብ አቀርባለሁ።

ልጅቷ ዛሬ በሕይወት አለች፤ ልጆቿን አሳድጋ ድራለች። ይህ የሆነው ግን በእኛ ሽምግልና አይደለም፤ ማታ በሯን ከፍታ ባስገባቻት አንዲት ጎረቤት ነው። እኛም እንደዚያች ጎረቤት እንሁን።